የትምህርት ቤት ሰርቪስ በደብረ ማርቆስ፦ መኪናው ሲቆም የሚታየው

በደብረ ማርቆስ ልጅን በሰርቪስ ወደ ትምህርት ቤት መላክ የብዙ ቤተሰብ ልማድ ሆኗል። ወላጅ ልጁን ሲያስመዘግብ አዘውትሮ የሚጠይቀው የወር ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ መኪናው ደጃፍ ላይ በስንት ሰዓት እንደሚደርስና ለልጁ የራሱ ወንበር ይኖረው እንደሆነ ነው። ሦስቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። የአንድ ሰርቪስ ደኅንነት በዋናነት የሚለየው ግን መኪናው ቆሞ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ልጁ ወርዶ መንገዱን እስኪሻገር ድረስ ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ ነውና ይህንን ጊዜ የሚመለከት ጥያቄ ሳይጠይቁ መመዝገብ አይገባም የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። ግምገማዬም በዚሁ ላይ ያተኩራል።

የምገመግመው በከተማው ካሉት የግል ትምህርት ቤቶች አንዱ የሚሰጠውን አገልግሎት ነው። ልጄ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን ከመስከረም ጀምሮ በዚሁ ሰርቪስ ትመላለሳለች። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠቅስም፤ ቅሬታዬን ለራሱ ለአስተዳደሩ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። እዚህ የምጽፈው ልጁን በየትኛውም ሰርቪስ ለሚያሳፍር ወላጅና ከሰርቪስ ኋላ ወይም ፊት ለፊት ለሚያሽከረክር ሰው ሁሉ እንዲጠቅም ነው።

ስለ መኪናው ብዙ የምለው የለኝም፤ ጥሩ ነው። ልጄ የምትሄድበት መስመር በሃይሩፍ ሚኒባስ የሚሸፈን ሲሆን፣ ራቅ ላሉት ሰፈሮች ኮስተር ተመድቧል። ወንበሮቹ አይነቃነቁም፤ ልጆች እጃቸውንና ጭንቅላታቸውን እንዳያወጡ መስኮቶቹ በከፊል ብቻ እንዲከፈቱ ተደርጓል፤ ተንሸራታቹ በርም ከውስጥ በልጅ እጅ አይከፈትም። ቦሎው የዘንድሮ ነው፤ ጎማዎቹም አላለቁም። ጋቢና ውስጥ ልጅ እንዲቀመጥ አይፈቀድም። የደኅንነት ቀበቶ ያለው ግን ጋቢና ላይ ብቻ ነው፤ ይህ በከተማው በሰርቪስነት ከሚሠሩት ሚኒባሶች በብዙዎቹ የማየው ጉድለት ስለሆነ ለብቻው ነጥሎ መውቀስ ይከብዳል፤ ቢሆንም ጉድለትነቱ አይቀርም። ክፍያው እንደ ሰፈሩ ርቀት ይለያያል፤ ብዙ ልጆች ተጋርተው ከሚሄዱበት የኮንትራት ባጃጅ ግን በግልጽ ይበልጣል። ክፍያው የተጋነነ ነው ብዬ አላምንም፤ ለምን እንደማላምን ስለ ረዳቷ ስናገር ይታያል።

ከዚያ በፊት የከተማውን መንገድ ማሰብ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ደብረ ማርቆስን መሐል ለመሐል ሰንጥቋት ያልፋል። የዓባይን በረሃ ሲታገል የቆየ አሽከርካሪ ደጀን ላይ ሲወጣ ሜዳው ይከፈትለታል፤ ሉማሜን አልፎ ወደ ማርቆስ ሲቃረብ እግሩ ነዳጅ ላይ ተደላድሏል፤ ወደ ከተማው የሚገባውም ያንኑ የገጠር ፍጥነት ይዞ ነው። ከደምበጫና ከአማኑኤል በኩል የሚመጣውም እንዲሁ ነው። ጤፍ የጫነ አይሱዙ፣ ነዳጅ የያዘ ቦቴ፣ ለሰዓቱ የሚጣደፍ የሕዝብ ማመላለሻ፣ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ወደ ገበያ የሚነዳ አህያና ደብተር ያዘለ ተማሪ በአንድ አስፋልት ላይ ይገናኛሉ። የሰርቪሱ መስመር ይህንን ጎዳና ሳይነካ ማለፍ አይችልም።

በአገራችን የሚሽከረከረው በቀኝ ስለሆነ የሚኒባሱ በር የሚከፈተውም በቀኝ፣ በመንገዱ ዳር በኩል ነው። ቤቱ በዚያው በኩል የሆነ ልጅ ከበሩ ወርዶ ወደ ቅያሱ ይገባል፤ የሚያሰጋው ነገር ጥቂት ነው። ቤቱ ከማዶ የሆነው ልጅ ግን መሻገር አለበት፤ ለመሻገርም በቆመው መኪና ፊት ወይም ኋላ ዞሮ መውጣቱ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ቁመት ከሃይሩፍ አካል ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው፤ ከመኪናው ጥግ እስኪወጣ ድረስ እርሱም የሚመጣውን አያይም፣ የሚመጣውም እርሱን አያየውም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ የሚመጣ መኪና ምን ያህል እንደሚፈጥንና ምን ያህል እንደሚርቅ አመዛዝኖ መወሰን ገና አልቻለም። እናቱን ከማዶ ቆማ ካየማ መኪና መኖሩንም ይረሳል። እናቶች ከማዶ ሆነው ልጃቸውን በስም መጥራታቸው ከፍቅር የመጣ ቢሆንም አደገኛ ነው፤ ተሻግረው ከሚኒባሱ በር ላይ ቢቀበሉ ይሻላል።

አሽከርካሪዎች «ፍጥነቴ ትንሽ ነው፤ ባየው እቆማለሁ» ሲሉ እሰማለሁና ስሌቱን እዚህ ማስቀመጥ እወዳለሁ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ነቅቶ የሚያሽከረክር ሰው እንኳ ልጁን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። አስፋልቱ ደረቅ፣ ፍሬኑም ጥሩ ከሆነ ከዚያ በኋላ ለመቆም ሌላ 20 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል፤ በድምሩ 37 ሜትር መሆኑ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳው ግን በጠቅላላው ወደ 13 ሜትር ላይ ይቆማል። ሁለቱ አሽከርካሪዎች ልጁን በአንድ ቦታና በአንድ ቅጽበት ቢያዩት፣ በ30 የሚነዳው ፈጽሞ በቆመበት ነጥብ ላይ በ60 የሚነዳው ገና ፍሬን አልረገጠም፤ ያንን ነጥብ በሙሉ ፍጥነቱ ያልፈዋል ማለት ነው። የክረምት ዝናብ ሲጨመር ርቀቱ ይረዝማል፤ ጭነት የያዘ አይሱዙ ሲሆንማ ከዚህም ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን በመግደል በዓለም ቀዳሚው የመንገድ አደጋ መሆኑን ገልጿል፤ እግረኛና ተሽከርካሪ በሚቀላቀሉበት መንገድ ላይም ፍጥነት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ የሚመከረው ከዚሁ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ ረዳቷ ልመለስ፤ የዚህ ሰርቪስ ትልቁ ሀብት እርሷ ናትና። ልጆቹ «እቴቴ» ይሏታል፤ ወላጆችም በዚሁ እንጠራታለን። የሥራ አካሄዷን ከጅምሩ እስከ አሁን በጥንቃቄ ተከታትያለሁ። ሾፌሩ ከመቆሙ በፊት ፍሬቻውን ወደ ቀኝ ያሳያል፤ መኪናው ፈጽሞ ሳይቆም በሩ አይከፈትም። በሩ ሲከፈት ቀድማ የምትወርደው እርሷ ናት፤ ልጅ ከእርሷ በፊት ደረጃ አይረግጥም። የሚወርደውን ልጅ በስሙ ጠርታ፣ ቦርሳው ወይም የሹራቡ ክር በሩ ላይ እንዳልተያዘ አይታ፣ እጁን ይዛ ታወርደዋለች። ቤቱ ከማዶ ከሆነ ከመኪናው ፊት ጥቂት እርምጃ ርቃ፣ ሾፌሩ ከወንበሩ ሆኖ ሁለቱንም ሙሉ ለሙሉ በሚያያቸው ቦታ ላይ ታቆመዋለች። ከዚያ የሚያንጸባርቅ ሰደርያዋን እንደለበሰች ብቻዋን ወደ መሐል ብቅ ብላ፣ ቀይ ጨርቋን ዘርግታ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ያለው መኪና መቆሙን በዓይኗ ካረጋገጠች በኋላ ልጁን በግራ እጇ ይዛ ታሻግረዋለች። ተረካቢ ሰው ካልመጣ ልጁን ትታ አትሄድም፤ መኪናው ላይ መልሳ ታስቀምጠውና ለወላጅ ትደውላለች። ስሟ በተረካቢነት ያልተመዘገበች አንዲት የሩቅ ዘመድ ልጅ ልትቀበል መጥታ፣ እናትየው በስልክ እስክታረጋግጥ ድረስ ልጁን አልሰጥም ስትላት አይቻለሁ። ሴትዮዋ ቅር ብትሰኝም ረዳቷ ትክክል ነበረች።

የመጨረሻው ልጅ ከወረደ በኋላም ሥራዋ አላለቀም። ከኋላ ወንበር ጀምራ እስከ ጋቢና በየወንበሩ ሥር ጎንበስ እያለች ትመለከታለች። ትንንሽ ልጆች ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ይጥላቸዋል፤ ተሸጉጦ የተኛን ልጅ ረስቶ መኪና መቆለፍ በተለያዩ አገሮች የሕፃናትን ሕይወት የቀጠፈ ስሕተት ነው። ከባጃጅ በላይ የምንከፍለው ገንዘብ የሚውለው በዚህች ሴት ላይ ከሆነ፣ እኔ በደስታ እከፍላለሁ።

በአሜሪካ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይህንን ሥራ በከፊል በመሣሪያ ያከናውናል። አውቶቡሶቹ ቢጫ ቀለም እንዲቀቡ ስምምነት የተደረሰው እ.ኤ.አ. በ1939 ሲሆን፣ ቀለሙ የተመረጠው ማለዳና ምሽት በደብዛዛ ብርሃን ጎልቶ ስለሚታይ ነው። ሊቆም ሲል ብርቱካናማ መብራት ያበራል፤ ሲቆም መብራቱ ወደ ቀይ ይለወጥና «ቁም» የሚል ምልክት ከጎኑ ይዘረጋል። መሐሉ ባልተከፈለ ባለ ሁለት መስመር መንገድ ላይ ከኋላም ከፊትም የሚመጣ መኪና ሁሉ መቆም በሕግ ግዴታው ነው፤ ምልክቱ እስኪታጠፍ ድረስ ማለፍ አይቻልም። በእኛ ከተማ ሰርቪስ የሚሠሩት ለሌላ አገልግሎት የተሠሩ ሚኒባሶች ናቸው፤ የሚዘረጋ ምልክትም የላቸውም። ምልክቱ የሚሠራውን ሥራ ግን ሰደርያ የለበሰ ሰውና አንድ ቀይ ጨርቅ ሊሠሩት ይችላሉ፤ ለዚህም ምስክሩ ይህ ሰርቪስ ነው። ረዳት የሌለው ሰርቪስ ግን ልጆቹን ለመንገዱ አሳልፎ ሰጥቷል፤ ሾፌሩ መሪ ላይ ተቀምጦ ልጅ ሊያሻግር አይችልምና።

ቢሆንም ረዳቷ የቱንም ያህል ብትጠነቀቅ ግማሹ ነገር ያለው በሌሎች አሽከርካሪዎች እጅ ነው። እዚህ ላይ ያየሁት ያሳዝነኛል። ሰርቪሱ ሲቆም ከኋላው ያለው ባጃጅ ብዙ ጊዜ ጥሩንባውን እየነፋ በግራ በኩል ይቀድማል፤ ልጅ የሚወጣው ደግሞ በዚያው በኩል ነው። የባሰው በቀኝ፣ በበሩና በመንገዱ ጠርዝ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ የሚሾልከው ነው፤ ልጁ እግሩን የሚያሳርፈው እዚያ ላይ ነውና። ጥሩንባም ለትንሽ ልጅ ማስጠንቀቂያ አይሆነውም፤ ደንግጦ ባለበት ይደርቃል ወይም ወዳልታሰበ አቅጣጫ ይሮጣል። ከሰርቪስ ኋላ የሚነዳ ሰው ርቀቱን ጠብቆ ቢከተል፣ ፍሬቻው ወደ ቀኝ ሲበራ ልጅ ሊወርድ መሆኑን ቢረዳና መኪናው እስኪነሣ ድረስ ከኋላው ቢቆም የሚያጣው ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ከፊት ለፊት የሚመጣውም ከቆመ ሰርቪስ ጀርባ ልጅ አለ ብሎ አስቀድሞ ማሰብና ፍጥነቱን ከ30 በታች ማውረድ አለበት፤ ረዳት ወርዳ ካየ ደግሞ መቆም አለበት። በዜብራ ላይ ለእግረኛ ቅድሚያ መስጠት ግዴታ መሆኑን መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ ተምሯል፤ ዜብራው ቀለሙ በለቀቀበት ቦታ ላይም እግረኛው ያው እግረኛ ነው።

ሰዓቱና ወቅቱም ይታሰቡ። ልጆቹ ጠዋት ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ድረስ መንገድ ላይ ናቸው፤ በዚያ ጊዜ ወደ ደጀን የሚነዳ ሰው ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ትወጋዋለች። ከሰዓት በኋላ ወደ ደምበጫ የሚነዳውም እንዲሁ ይቸገራል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ማለዳ ጉም ከተማውን በሚሸፍንበት ጊዜ ጥቁር ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ ልጅ ከአስፋልቱ ጋር ይመሳሰላል። ትምህርት ቤቱ ለልጆቹ ቦርሳ የሚያንጸባርቅ ጥብጣብ እንዲሰፋ ጠይቄ ነበር፤ ሐሳቡን በበጎ ተቀብለውታል፤ ይህንን እስክጽፍ ድረስ ግን አልተሠራም።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ያለው ሁኔታ ከመንገዱ ይልቅ ያሳስበኛል። ጠዋት ሰርቪሶቹ፣ የወላጅ መኪኖችና የኮንትራት ባጃጆች በአንዲት ጠባብ የኮብልስቶን ቅያስ ላይ ይታጨቃሉ። ሰርቪሶቹ ወደ ግቢው ገብተው ልጆቹን ከአጥሩ ውስጥ ማውረዳቸው መልካም ነው፤ ሲወጡ ግን መዞሪያ ስለሌለ ወደ ኋላ እየነዱ ይወጣሉ። ወደ ኋላ የሚነዳ ሚኒባስ ከኋላ መስታወቱ በታች ያለውን ትንሽ ልጅ በስፖኪዮ አያገኘውም። ዘበኛው ቆሞ «ና፣ ና» እያለ ይመራል፤ ዓይኑ ግን ከግንቡ ጋር እንዳይጋጭ እንጂ ልጅ እንዳይኖር አይመለከትም። የልጆች መግቢያ በእግረኛው በር ብቻ እንዲሆንና መኪና በሚንቀሳቀስበት ጊዜ የተማሪ እንቅስቃሴ እንዲገታ ማድረግ ምንም ወጪ አይጠይቅም።

ዋናው ቅሬታዬ ማቆሚያዎቹን ይመለከታል። መስመሩ የተነደፈው ነዳጅና ጊዜ ለመቆጠብ ስለሆነ ሰርቪሱ በአውራ ጎዳናው ላይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል፤ በግራ በኩል ያሉት ልጆች በሙሉ፣ ልጄን ጨምሮ፣ ጎዳናውን መሻገር ግድ ሆኖባቸዋል። ሚኒባሱ ትንሽ ርቀት ሄዶ ቢዞርና በመልሱ ቢያወርዳቸው አንድም ልጅ አይሻገርም ነበር። እጅግ የተጠነቀቀ ማሻገር እንኳ ጭራሽ ካለመሻገር ጋር አይወዳደርም። አንደኛው ማቆሚያ ደግሞ ከኩርባ አለፍ ብሎ ስለነበር ከኋላ የሚመጣው መኪና ሰርቪሱን የሚያየው አጠገቡ ሲደርስ ነበር፤ ጥቂት ወደ ፊት ቢዛወር ችግሩ በዚያው የሚቃለል ነበር።

ከዚህ ሌላ፣ መደበኛው ሾፌር በማይኖርበት ቀን የሚተካው ሰው የልጆቹን ቤት አያውቅም፤ ሁሉን ነገር የምትነግረው ረዳቷ ስትሆን፣ እርሷም ቀርታ ያየሁበት ቀን አለ። በዚያ ቀን ልጆች የሚያወርዳቸው ሰው ሳይኖር በራሳቸው ሲወርዱ ተመልክቻለሁ። የሰው መታመም የሚያጋጥም ነው፤ ምትክ ረዳት ሳይዙ መኪናውን ማንቀሳቀስ ግን ሊፈቀድ አይገባም። አልፎ አልፎ አርብ ከሰዓት በኋላ የሌላ መስመር ልጆች ተጨምረው ሦስት ልጅ በሁለት ወንበር ይቀመጣል። መንገድ በሚዘጋባቸው ቀናት ግን ጽሕፈት ቤቱ ማለዳ ደውሎ ያሳውቃል፤ ልጅ ቆሞ እንዲጠብቅ አይደረግም፤ ይህንን አመሰግናለሁ።

አቅሙ ስለማይፈቅድ ልጁን በኮንትራት ባጃጅ የሚልከውን ወላጅ አልወቅስም፤ ከእኛ ጎረቤቶችም ብዙዎቹ እንዲሁ ያደርጋሉ። ባጃጅ ከሾፌሩ ሌላ ሦስት ሰው ለመጫን የተፈቀደለት ሆኖ ሳለ ስድስትና ሰባት ልጅ ይዞ፣ አንዱን ሾፌሩ አጠገብ አስቀምጦ ሲበር ይታያል። ወላጆች ተነጋግረው የልጆቹን ቁጥር ቢወስኑ፣ በግራ በኩል ያለውን መውረጃ በብረት ወይም በጠንካራ ሸራ ቢያዘጉትና ሾፌሩ ልጆቹን ቤታቸው ባለበት በኩል ብቻ እንዲያወርድ ቢስማሙ፣ በዚያ መጓጓዣም ቢሆን ብዙ ይሻሻላል።

ከእኔ የሚጠየቀው ፍርድ ልጅዎን ያስመዝግቡ ወይስ ይተዉ የሚለው ከሆነ፣ ቤታቸው በቀኝ በኩል ለሆነ ወይም ሰርቪሱ ቅያሱ ውስጥ ለሚገባላቸው ቤተሰቦች ያለ ማመንታት ያስመዝግቡ እላለሁ። ጎዳናውን መሻገር ለሚኖርባቸው ግን አስቀድመው የመስመሩን አቅጣጫና የረዳቷን ምትክ ጠይቀው፣ መልሱን በጽሑፍ እንዲቀበሉ እመክራለሁ። እኛ በዚህ መስመር ያለን ወላጆች ተፈራርመን ያቀረብነውን ደብዳቤ ርእሰ መምህሩ በአክብሮት ተቀብለው፣ ከኩርባው አለፍ ያለው ማቆሚያ ወዲያውኑ እንዲዛወር አድርገዋል፤ የመስመሩን መዞር ደግሞ ለሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ከሾፌሮቹ ጋር እንደሚያዩት ነግረውናል። እስከዚያው ድረስ ከሰዓት በኋላ ቀድሜ ተሻግሬ ልጄን ከሚኒባሱ በር ላይ እቀበላለሁ፤ ሌሎቹ ወላጆችም ተራ አውጥተው ከጎረቤት ልጆች ጋር እንዲሁ እያደረጉ ነው።